ያው ደም በቲቪ 14፣ በጌም 17፦ ልኩን የሚሰጠው ማን ነው?

#1 የሁለቱ እናት (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፤ የምታውቁ አስረዱኝ።

ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ የሚጫወቱትን የተኩስ ጌም ግዢልኝ ብሎ ነፍሴን ሊያወጣት ነው። ሽፋኑ ላይ «ኤም» የሚል ፊደል አለ። ከ17 ዓመት ጀምሮ ማለት ነው። አይሆንም አልኩ። ልጁ ግን ጠበቃ ሆኖ ቁጭ አለ። «ማሚ፣ አንቺ ማታ ማታ የምታዪው የፖሊስ ድራማ ላይ እኮ የሞተ ሰው ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። አብሬሽ ሳይ ምንም ብለሽኝ አታውቂም» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ድራማው ሲጀምር ጥግ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ የምትለው ሳጥን «ቲቪ-14» ትላለች። እንግዲህ የተከፈተ ሆድ 14፣ ወታደር ተኩሶ መጣል 17። ድራማው ደግሞ በመደበኛው ቻናል፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ እራት ተበልቶ ሳህን ሳይነሳ የሚጀምር ነው።

ይህን ቁጥር የሚሰጡት ሰዎች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? እኔስ የትኛውን ልመን?

#2 ጆይስቲክ

እህቴ፣ ልጅሽ ነጥብ አስቆጥሯል። ለሱ እንዳትነግሪው እንጂ።

ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለጌም ደረጃ የሚሰጠው ኢኤስአርቢ የሚባል ድርጅት ነው። ለቲቪ የሚሰጠው ግን ራሱ ቲቪው ነው። ቀልዴን አይደለም። ጣቢያው ለሚያሳየው ለያንዳንዱ ክፍል ራሱ ቁጥር ይለጥፋል። ቅሬታ የሚያይ ቦርድ አለ፤ እሱንም ያቋቋመው ኢንዱስትሪው ነው።

ኢኤስአርቢም የመንግሥት አይደለም፤ የጌም ኩባንያዎች ናቸው ያቋቋሙት። ልዩነቱ፣ ለሱቅ የሚወጣ ጌም የሠራው ኩባንያ ለራሱ ቁጥር አይሰጥም። ረጅም መጠይቅ ይሞላል፣ ጌሙ ውስጥ ያለውን የባሰ የባሰውን በቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። ቢያንስ ሦስት የሰለጠኑ ሰዎች ያዩታል። እየተጫወቱ አይደለም፣ ቪዲዮውን እያዩ ነው። በኋላ የተደበቀ ነገር ከተገኘ ቅጣት አለው።

ለምን እንዲህ ተለያዩ ካልሽ፣ ነገሩ የሚጀምረው በ1993 ነው (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም ከመጫወቻ አዳራሽ ወደ ቤት ገባ። ያሸነፈው የተሸነፈውን ጭንቅላት ከነአከርካሪው የሚመዝበት ነው። የጌም ማሽን ሠሪው ሴጋ ደሙን በሚስጥር ኮድ እንዲከፈት አድርጎ ሸጠው። ተፎካካሪው ኒንቴንዶ ግን ደሙን ግራጫ አድርጎ ላብ አስመሰለው። የትኛው በሽያጭ እንደበለጠ መገመት አያቅታችሁም፤ የሴጋው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሴናተር ጆ ሊበርማን እና ኸርብ ኮል ኩባንያዎቹን ጠርተው አፋጠጧቸው። «ራሳችሁ ሥርዓት ካላበጃችሁ እኛ እናበጅላችኋለን» ነበር ነገሩ። በ1994 ኢኤስአርቢ ተወለደ።

የቲቪው መለያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1996 ሕግ ወጣ፣ በ1997 ሳጥኗ ስክሪን ላይ መታየት ጀመረች። ቲቪ በዚያን ጊዜ ሳሎን ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖሯል። የለመዱት ዕቃ አይፈራም። እኔን የምትጠይቂኝ ከሆነ ቁጥሩ የሚለካው ደሙን ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚፈራም ይለካል።

#3 ጋሽዬ ከፒያሳ (ዲሲ)

ወጣቱ በደንብ አስረድቷል፤ ተባረክ። ግን ዋናውን ዘለልከው። ቲቪ ላይ ሰው ሲሞት ልጁ ተመልካች ነው። ጌም ላይ ገዳዩ ራሱ ልጁ ነው። ጣቱ ነው የሚተኩሰው። ሲገድል ነጥብ ይጨመርለታል፣ ሳይገድል ከቀረ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይኼና ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማየት አንድ ነው ልትሉኝ ነው? እንዲያውም 17 ያንሰዋል ባይ ነኝ።

ደሞ ቁጥር ለጠፉ አልለጠፉ ማን ይሰማቸዋል? ልጁ ብሩን ከያዘ ሻጩ ይሸጥለታል።

#4 ሕግ ተማሪ

ጋሼ፣ በአክብሮት ሁለቱንም ልሞግትዎ።

መጀመሪያ ሱቁን። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን በስውር እየላከ ሱቆችን ይፈትን ነበር። በ2013 ባወጣው ውጤት ኤም ጌም መግዛት የቻሉት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ለአዋቂ የተከለለ ፊልም ሲኒማ ቤት ትኬት የተሸጠላቸው 24 በመቶ፣ በዲቪዲ የገዙት 30 በመቶ ነበሩ። ከሁሉም ጠንከር ብሎ የተጠበቀው በር የጌሙ ነበር። ዛሬ ሁሉም ከኢንተርኔት ስለሚወርድ ዘበኛው ወላጅ ሆኗል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛ፣ «ገዳዩ ልጁ ነው» የሚለውን ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሰምቶታል። ካሊፎርኒያ በ2005 ሕግ አወጣች፤ ዓመፅ የበዛበት ጌም ለልጅ የሸጠ እስከ 1000 ዶላር ይቀጣል የሚል። የፈረመው ገዥ ማን መሰላችሁ? አርኖልድ ሽዋርዜኔገር! ዕድሜውን ሙሉ ፊልም ላይ መትረየስ ተሸክሞ የኖረው ሰውዬ።

በ2011 ፍርድ ቤቱ ሕጉን 7 ለ 2 ጣለው። ዳኛ ስካሊያ የጻፉትን ብታነቡት ትስቃላችሁ። ለልጆቻችን የምንተርከውን ተረት ቆጠሩ። የበረዶዋ ልጅ ተረት ላይ ክፉዋ ንግሥት በእሳት የጋለ ጫማ ተደርጎላት ሞታ እስክትወድቅ ትጨፍራለች። ሃንሰልና ግሬትል ያሰረቻቸውን ሴትዮ ምድጃ ውስጥ ከተው ያቃጥሏታል። «ልጁ ራሱ ስለሚመርጥ ይለያል» ለሚለውም፣ አንባቢው ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስንባቸው የልጆች መጻሕፍት ድሮም ነበሩ አሉ።

ከተቃወሙት ከሁለቱ አንዱ፣ ዳኛ ብሬየር፣ ያነሱት ጥያቄ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የራቁት ሴት ፎቶ ያለበት መጽሔት ለ13 ዓመት ልጅ መሸጥ በሕግ ይከለከላል። ያቺኑ ሴት አስሮ፣ አሰቃይቶ የሚገድልበት ጌም ሲሆን ግን ሕጉ ይጠብቀዋል። ይሄ ምን ትርጉም አለው? ነው ጥያቄያቸው። መልስ ያለው ይምጣ።

#5 ጋሽዬ ከፒያሳ

ሽዋርዜኔገርን አምጥተህ አሳቅኸኝ። ቢሆንም ሁለት ዳኛ ከኔ ጋር ነው፤ ብቻዬን አይደለሁም።

ለመሆኑ ጌሙ ልጅን ጨካኝ ያደርጋል ወይስ አያደርግም? እሱን ማንም አልነገረኝም።

#6 ሕግ ተማሪ

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 አቋሙን አሻሽሎ አውጥቷል፤ በአጭሩ፦ ዓመፅ ያለበትን ጌም ከከባድ ወንጀልና ጥቃት ጋር ለማያያዝ የሚበቃ ማስረጃ የለም። ከጩኸት፣ ከመገፋፋት፣ ከመሳሰለው ቁጣ ጋር ግን ትንሽ ግንኙነት ይታያል። ስለዚህ እርስዎም ልጁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ።

#7 የሁለቱ እናት

እናንተ ሰዎች አመሰግናለሁ። ግን የብሬየር ነገር ሌላ ጥያቄ ቀሰቀሰብኝ። ቲቪ ላይም እንደዚያው ነው? ማለቴ፣ መሳሳም ሲመጣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ መገዳደል ሲመጣ ግን ዝም ይባላል?

#8 ጆይስቲክ

ኦ፣ እዚያ ደረስን።

ሃኒባል የሚባል የቲቪ ድራማ ነበር፤ ኤንቢሲ ላይ፣ ከ2013 እስከ 2015። ሰው አብስሎ ስለሚበላ ሐኪም ነው። ደረጃው ቲቪ-14። አንድ ክፍል ላይ የጀርባቸው ቆዳ ተገፍፎ እንደ ክንፍ የተሰቀለ ሬሳዎች አሉ፤ ተንበርክከው። ጣቢያው ቅሬታ አቀረበ። በምኑ መሰላችሁ? በቆዳው አይደለም። የሬሳዎቹ መቀመጫ መሃል መስመሩ ታየ ብለው! አዘጋጁ ብራያን ፉለር እንደተናገረው መፍትሔው ደም ጨምሮ መስመሩን መሸፈን ሆነ። ደሙ ሲጨመር ለጣቢያው ችግሩ ተፈታ።

ጌም ላይ ደግሞ ሳን አንድሪያስን ውሰዱ፤ ጂቲኤ ከሚባሉት የወንጀል ጌሞች አንዱን። በ2004 ሲወጣ ኤም ነው የተሰጠው። ሰው በዱላ መቀጥቀጥ፣ ፖሊስ መግደል፣ መኪና መቀማት፣ ሁሉም 17 ውስጥ ተጠቃሎ አለፈ። በ2005 ግን አንድ ሆላንዳዊ ኮዱ ውስጥ የተቆለፈ ትዕይንት አለ ብሎ ከፈተው። የጌሙ ሰውዬ ፍቅረኛውን ሸኝቶ በር ላይ ሲደርስ «ለቡና ግባ» ትለዋለች፤ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። ጉድ ፈላ። ደረጃው ወደ «ኤኦ»፣ ማለትም 18፣ ተቀየረ። በ17 እና በ18 መካከል አንድ ዓመት ብቻ ይመስላችኋል፤ ግን ትልልቆቹ ሱቆች ኤኦ መደርደሪያቸው ላይ አያስቀምጡም። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኒንቴንዶም ኤኦ ጌም ማሽናቸው ላይ አያስገቡም። ስለዚህ ኤኦ ማለት ለጌሙ የሞት ፍርድ ነው። ቲቪ ላይ ግን ከላይ ያለው ቲቪ-ኤምኤ (ይኼም 17 ነው) አንድ ብቻ ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው ድራማ ያንን ሁሉ ራቁትነት እያሳየ እዚያው ውስጥ ተመቻችቶ ስምንት ሲዝን ኖረ።

#9 የጀበና ልጅ

እኔ ለቡና ተጠርቼ እስከ በረካ ጠጥቼ፣ ፈንዲሻ በልቼ ነው የወጣሁት ሁሌ። ሃሃሃ። ክሩን አትዝጉት፣ እየተከታተልኩ ነው።

#10 ሕግ ተማሪ

ለእህታችን ጥያቄ ልጨምር። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በአየር በነፃ ለሚሰራጩ ጣቢያዎች የብልግና ደንብ አለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ደንቡ የሚመለከተው ወሲብንና ጸያፍ ቃልን ነው። ስለ መገዳደል ምንም አይልም። ኬብልና ኢንተርኔት ደግሞ ጭራሽ አይነካቸውም።

በ2004 የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) የእረፍት ትዕይንት ላይ የዘፋኟ ጃኔት ጃክሰን ጡት ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ታየ። ያሳየው ጣቢያ ሲቢኤስ 550,000 ዶላር ተቀጣ። በኋላ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው፤ ግን ዓመታት ፈጀ። ያው ሲቢኤስ በዚያው ዘመን ሲኤስአይ የሚባለውን የወንጀል ምርመራ ድራማ በቲቪ-14 ያሳይ ነበር፤ ጥይት ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከነመንገዱ ተከትሎ። በሱ የተቀጣው ሳንቲም የለም።

#11 ተሸናፊ ከፋይ (አዲስ አበባ)

እናንተ ስለ ሽፋን ታወራላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ጌም ቤት እሠራ ነበር፤ ሽፋን አይቼ አላውቅም። ጌሙ የሚመጣው በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ነው። ኤም ይሁን ኢ (ለሁሉም የሚሆነው) የሚያውቅ የለም። የሚለያየው አከፋፈሉ ነው። ኳስ በጌም፣ ጂቲኤ በሰዓት። ኳስ ላይ ተሸናፊ ከፋይ ነው፤ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የዩኒፎርም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ይመጣሉ፤ አስተማሪ ቢያልፍ እንዳይለያቸው። የ10 ዓመት ልጅ ጂቲኤ ላይ ሲቀመጥ ተልዕኮ አይሠራም። እንግሊዝኛውን የሚያነብለት የለም። መኪና ይቀማል፣ ሰው ይገጫል፣ ፖሊስ ያስነሳል፣ ከላይ ኮከቡ እስኪሞላ ይሮጣል። ከኋላው አምስት ልጅ ቆሞ «ግባበት! ግባበት!» ይላል። አንዱ ሲሞት ሌላው ጆይስቲኩን ይነጥቀዋል።

ወላጅ እየመጣ ይቆጣ ነበር። ግን የሚቆጣው በምንድን ነው? ገንዘብ ጨረሰ፣ ጥናት ተወ፣ መሸ። ስክሪኑ ላይ ያለውን አያይም። አንድ ቀን አንዲት እናት ገብተው ቀና ብለው ስክሪኑን አዩና «ምንድነው ይሄ?» አሉ። ልጁ ከመቅጽበት ወደ ኳሱ ቀየረው። «እንዲህ ያለውን ተጫወት» ብለው፣ እኔንም መርቀው ሄዱ።

#12 ቁጥር 9

ስለ ኳሱ አንድ ልበላችሁ፤ ሁላችሁም በደም ተጠምዳችኋል።

አውሮፓ ውስጥ ለጌም ደረጃ የሚሰጠው ፔጊ ለኳሱ ጌም ለዓመታት 3 ነበር የሰጠው። ከ3 ዓመት ሕፃን ጀምሮ። አልቲሜት ቲም የሚባለው ክፍሉ ውስጥ ግን በእውነተኛ ገንዘብ የታሸገ ፓኬት ይገዛል፤ ውስጡ ምባፔ ይውጣ ወይ የማይታወቅ ተከላካይ ይውጣ ሳይከፍቱት አይታወቅም። ቤልጅየም በ2018 ይህ ቁማር ነው አለች። የጌሙ ኩባንያ ኢኤ ክርክሩን ትቶ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ፓኬቱ የሚገዛበትን ነጥብ እዚያ መሸጥ አቆመ። ድንበሩን ተሻግሮ ፈረንሳይ ሲገባ ግን ሕጋዊ ነው።

አሁን ባላትሮን እዩት። በ2024 የወጣ የካርታ ጌም ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሠራው። የፖከር እጅ ይታያል እንጂ ገንዘብ አይያዝበትም፣ ውስጡም የሚሸጥ ነገር የለም። ፔጊ 18 ሰጠው! ምክንያቱ ካርታው ቁማር ያስተምራል የሚል ነው። ሠሪው «እኔም ፓኬት ልሽጥና 3 ስጡኝ» በሚል መንፈስ አሾፈባቸው። ይግባኝ ተብሎ በ2025 ፌብሩዋሪ ወደ 12 ወረደ።

እና ተሸናፊ ከፋይ፣ እናትየዋ መርቀውህ የሄዱት በየትኛው ጌም ነው?

#13 ተሸናፊ ከፋይ

ሃሃሃ። እኛ ጋ ኢንተርኔቱም ካርዱም ስለሌለ ፓኬት የሚገዛ የለም። ቁማሩ እዚያው በእጅ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል።

#14 ፍራንክፈርተኛው

ከጀርመን አንድ ልጨምር፤ የዚህ ሁሉ ንጉሥ እኛ ጋ ነው ያለው።

እዚህ የናዚ ምልክት ማሳየት ወንጀል ነው። ለጥበብ፣ ለታሪክ፣ ለትምህርት ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ፊልም ጥበብ ነው ተብሎ ስዋስቲካ ከዳር እስከ ዳር ይውለበለብበታል። ጌም ግን እንደ መጫወቻ ነበር የሚታየው። በ1998 እዚሁ ፍራንክፈርት ያለው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቮልፈንስታይን በሚባል የተኩስ ጌም ጉዳይ፣ ጌም ውስጥ ምልክቱ አይፈቀድም አለ። ልብ በሉ፣ ጌሙ ላይ ተጫዋቹ ናዚን ነው የሚገድለው።

ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? ለጀርመን ሌላ ቅጂ ሠሩ። በ2017 የወጣው ቮልፈንስታይን 2 ላይ ሂትለር ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚመጣው! ስሙም «ኸር ሃይለር» ነው። ጢም የሌለው ሂትለር ሳይ እኔ አንድ የጎረቤቴ ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። በ2018 ኦገስት ነው ዩኤስኬ፣ የጀርመን የጌም ደረጃ ሰጪ፣ ከእንግዲህ እንደ ፊልም በየጉዳዩ እናያለን ያለው።

ሃፍ ላይፍ የሚባለው የተኩስ ጌም በ1998 እዚህ ሲወጣ ደግሞ ወታደሮቹን ሮቦት አደረጓቸው። ሰው መግደል ከሆነ ችግር ነው፣ ብረት መግደል ከሆነ ግን ልጁ በሰላም ያድጋል ማለት ነው።

#15 ፉትስክሬይ (ሜልበርን)

እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሆነው፤ ስለዚህ ጋሽዬ ይስሙኝ።

አውስትራሊያ ለፊልም 18 የሚባል ደረጃ ነበራት። ለጌም ግን አልነበራትም፤ ጣሪያው 15 ነበር። ለመቀየር የሁሉም ክልል ዐቃብያነ ሕግ መስማማት ነበረባቸው፤ የደቡብ አውስትራሊያው ማይክል አትኪንሰን ለዓመታት እምቢ አሉ። ሐሳባቸው የጋሽዬ ነው፤ ጌም ከፊልም ይከፋል፣ ልጆች እጅ ይገባል።

ውጤቱስ? ከ15 በላይ የሆነ ጌም ወይ ይታገዳል ወይ ተከርክሞ 15 ውስጥ ይጨመቃል። ሌፍት ፎር ዴድ 2 በ2009 ታግዶ፣ ደሙና የተቆረጠው እጅ እግር ወጥቶለት ገባ። ፎልአውት 3 ውስጥ ሞርፊን የሚባለው መድኃኒት ስሙ «ሜድ-ኤክስ» ተብሎ በመላው ዓለም ተቀየረ። ጂቲኤ 4 ግን አውሮፓ ውስጥ 18 የተባለው ጌም፣ እዚህ ትንሽ ተነካክቶ በ15 ተሸጠ! ልጆችን ለመጠበቅ የተከለከለው ደረጃ የአዋቂውን ጌም ለ15 ዓመት ልጅ አስረከበው። በ2013 ጃንዋሪ ነው 18 የተፈቀደው።

ሰው ከባድ ቁጥር ሲጠላ ነገሩ የሚጠፋ ይመስለዋል። ቀለል ባለ ቁጥር ነው የሚመጣው።

#16 ጋሽዬ ከፒያሳ

ይሄኛው ገባኝ። 18 ይኑር፣ ግን ይከበር እላለሁ እንግዲህ።

#17 የቃና ወዳጅ

እኛ ቤት ዳኛው ሪሞት ነው። ቃና በ2016 ሲጀምር የቱርኩን ድራማ ከእናቴ፣ ከአክስቴና ከታናናሾቼ ጋር ነበር የምናየው። ሁለቱ ተያይተው ዝግ ብለው ከተጠጋጉ እማዬ ሪሞቱን ታነሳለች፤ ዜና ትለውጣለች፣ እስከ አስር ትቆጥራለች መሰለኝ፣ ትመለሳለች። ሰውየው ወንድሙን በሽጉጥ ሲጥለው ግን ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንዲያውም «ይበለው! እሱ ነው ያጠፋቸው» ትላለች ቡናዋን እያማሰለች።

ስለዚህ አሜሪካኖቹን ብቻ አትውቀሱ።

#18 አወያይ

ሁለት ጽሑፍ አንስቻለሁ፤ የሃይማኖት ክርክር ስለሆነ። ራሱን የቻለ ክር ክፈቱለት። ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው፣ እንዳታበላሹት።

#19 ጆይስቲክ

ፍትሐዊ ለመሆን ሁሌም አይለያዩም። ዘ ላስት ኦፍ አስ በ2013 ጌም ሆኖ ሲወጣ ኤም ነበር። በ2023 ኤችቢኦ ላይ ድራማ ሲሆን ቲቪ-ኤምኤ ሆነ። ያው ታሪክ፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ 17። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የልጅ አካውንት የተከፈተበት ፕሌይስቴሽን ላይ ጌሙ እምቢ ብሎ ይቆለፋል። ድራማው ግን በእናት ፕሮፋይል ከተከፈተ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላውን ማንንም ሳይጠይቅ ይቀጥላል።

የጌሙ መለያ አንድ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ቲቪው ምክንያቱን በነጠላ ፊደላት ብቻ ሲጠቁም፣ ጌሙ ከደረጃው ፊደል አጠገብ በቃላት ይጽፈዋል። ደም፣ ስድብ፣ አልኮል፣ ግዢ ብሎ። ከፊደሉ ይልቅ ያንን አንብቢ። «ኤም» በስድብ ብቻም ይመጣል፣ ጭንቅላት በመቁረጥም ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

#20 የሁለቱ እናት

ገባኝ። ውሳኔዬን ልንገራችሁ፤ ጌሙን አልገዛሁም። ድራማውንም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የማየው። ልጄ «ቢያንስ ፍትሐዊ ነሽ» ብሎ ተኮሳትሮ ሄደ። አባቱ ደግሞ እኔ ላይ ተኮሳተረ፤ ድራማውን እሱም ይወደዋል።

አሁን የቀረኝ፣ ቲቪውን እንዴት ልቆልፈው? ጌሙ ላይ ያለው ዓይነት ነገር ቲቪ ላይ የለም?

#21 ሕግ ተማሪ

አለ፣ ማንም አይጠቀምበትም እንጂ። ቪ-ቺፕ ይባላል። በዚያው በ1996 ሕግ የመጣ ነው። ከ2000 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ 13 ኢንች እና ከዚያ በላይ የሆነ ቲቪ ሁሉ ውስጡ አለው። ሴቲንግ ውስጥ የወላጅ ቁጥጥር የሚለውን ፈልጊ፣ ቲቪ-14ን ዝጊ፣ ፒን ስጪው። ግን የሚሠራው በመደበኛው ቻናልና በኬብል ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለሚያዩት ደግሞ ለየመተግበሪያው የልጅ ፕሮፋይል ክፈቺ፣ ያንቺን ፕሮፋይልም በፒን ቆልፊ። ሰዎች የልጁን ከፍተው የራሳቸውን ክፍት ይተዉታል።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ ዜናና ስፖርት መለያ የላቸውም። ቪ-ቺፑ አያግዳቸውም።

#22 ጋሽዬ ከፒያሳ

ቆይ፣ ዜና መለያ የለውም? እኔ ቤት ቲቪው ከጠዋት እስከ ማታ ዜና ላይ ነው! የልጅ ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት እዚያው ነው። የፈረሰ ሕንፃ፣ አልጋ ላይ የሚጮህ ቁስለኛ፤ ሁሉም ያለ ቁጥር ነው የሚገባው ማለት ነው?

#23 ሕግ ተማሪ

አዎ ጋሼ። ጋዜጠኛው «የሚረብሽ ምስል ስላለበት» ካለ አለ፤ ካላለ የለም።

#24 ጋሽዬ ከፒያሳ

እንግዲህ ቅዳሜ ኳስ ነው የምንከፍተው። ቁጥር 9፣ ስለ ኳሱ ደግሞ ሌላ ነገር ካለህ አሁኑኑ ተናገር።

#25 ቁጥር 9

ሜዳ ላይ የሚሮጠው ኳስ ይሻላል ጋሼ። የማልያ ላይ ማስታወቂያውን ግን ቀና ብለው ያንብቡት፤ የውርርድ ድርጅት እየበዛበት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከ2026/27 ጀምሮ ከደረት ላይ ለማንሳት ተስማምተዋል። ክንዱ ላይ ግን ይቀራል።